«ሥርወ ቃሉ ክፉ አይደለም» ስለሚባለው መከላከያ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰማ የዘርና የጾታ ዘለፋ ከመዝገበ ቃላት ሥራ አንጻር

መነሻ

በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ቀርቦ ሰውን በዘሩ ወይም በጾታው ያዋረደ ታዋቂ ሰው ወቀሳ ሲደርስበት ከሚያቀርባቸው መከላከያዎች አንዱ በቀጥታ ወደ እኛ ሙያ የሚመራ ነው። ይኸውም «ቃሉ በመሠረቱ ክፉ ቃል አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ተመልከቱ» የሚለው ነው። ሌሎቹን መከላከያዎች፣ ማለትም «ቀልድ ነበር»፣ «ሙገሳ ነበር»፣ «ባለቤቶቹም ራሳቸው ይሉታል» የሚሉትን፣ የሥነ ምግባርና የሕግ ሰዎች ሊመረምሯቸው ይችላሉ። የመጀመሪያው ግን መዝገበ ቃላትን ለምስክርነት የሚጠራ ስለሆነ የተጠራው ምስክር ራሱ ቃሉን ሊሰጥበት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

ሐሳባችን በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የቃል ሥር የቃሉን ታሪክ ያስረዳል እንጂ ተናጋሪውን ነጻ አያወጣም። የዘለፋው ኀይል ያለው በሥርወ ቃሉ ሳይሆን ማን፣ ለማን፣ ከየትኛው መድረክ ላይ ተናገረው በሚለው ላይ ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን ይህን ሁለተኛውን ክፍል በሚገባ ሳይመዘግቡ ስለ ቀሩ ሳያስቡት ለተሳዳቢው መሸሸጊያ ሆነዋል። ይህንን ለማስረዳት አንዳንድ ዘለፋዎችን በስማቸው ለመጥራት ተገደናል፤ የምንጠራቸው ለምርመራ እንጂ ለአገልግሎት አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

ሀ. የጨርቅ ቃል

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2007 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የመጨረሻ ግጥሚያ ደርሶ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ። በማግሥቱ ጧት ዶን አይመስ የተባለው ዕውቅ የሬዲዮ ሰው ተጫዋቾቹን «ናፒ ሄድድ ሆዝ» ብሎ ጠራቸው። ፕሮግራሙ በሬዲዮ በብዙ ጣቢያዎች ይሰማ፣ በኤም.ኤስ.ኤን.ቢ.ሲ. ደግሞ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ከ10ሩ ተጫዋቾች 8ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ኤፕሪል 11 ቀን ፕሮግራሙን አቋረጠ፤ በማግሥቱም አሠሪው ሲ.ቢ.ኤስ. አሰናበተው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ግን በሌላ የኒው ዮርክ ጣቢያ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሐረጉን እንደ ቋንቋ ተማሪ እንመልከተው። «ናፒ» የሚለው ቅጽል የወጣው በጨርቅ ገጽ ላይ የሚታየውን ፀጉር መሰል ነገር ከሚያመለክት ስም ነው። በሥሩ ሸማኔና ልብስ ሰፊ የሚግባቡበት ቃል እንጂ ስድብ አይደለም። ይሁን እንጂ በባርነት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ የፀጉር ዐይነት የሰው ማዕርግ መለኪያ በሆነበት አገር ቃሉ የአፍሪቃውያንን ዘር ከርዳዳ ፀጉር ለማናናቅ ሲያገለግል ኖሯል። «ሆዝ» የሚለው ስም ደግሞ ገላዋን የምትሸጥን ሴት የሚያመለክተው ቃል ያጠረ መልክ ነው። የመጀመሪያው ቃል በዘር፣ ሁለተኛው በጾታ ይዘልፋል፤ ሰዋስው ግን ቅጽልና ስም አድርጎ አንድ ሐረግ አውጥቶላቸዋል። ተጫዋቾቹ ጥቁር ወንዶች ቢሆኑ ሁለተኛው ቃል፣ ነጭ ሴቶች ብቻ ቢሆኑ የመጀመሪያው ቃል ባልተነገረ ነበር። ስለዚህ ነገሩን «የዘረኝነት ንግግር» ብቻ ወይም «ሴቶችን የሚያዋርድ ንግግር» ብቻ ብሎ የሚዘግብ ሰው የሐረጉን ግማሽ ይተወዋል።

ይህን ሐረግ ወደ አማርኛ የሚመልስ ዜና አቅራቢ ምን ይበል? «ፀጉረ ከርዳዳ ሴተኛ አዳሪዎች» ቢል «ሴተኛ አዳሪ» የጽሕፈት ቤትና የጤና ዘገባ ቃል ስለሆነ ዘለፋው በትርጉም ይለዝባል። «ጋለሞታ» ቢል የመጽሐፍ ቅዱስ ቃና ይገባበታል። በደረጃ የሚመጥነው «ሸርሙጣ» የሚለው ነው። ይህም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ብጥስጣሽ ጨርቅንም ያመለክታል። የአንደኛው ቋንቋ ስድብና የሌላው ቋንቋ ትርጉሙ ሁለቱም ከጨርቅ ጋር የተያያዙ ሆነው መገኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ጨርቅነታቸው ለተሰደቡት ወጣቶች ምንም እንዳልፈየደላቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አይመስ ራሱ በሥርወ ቃል አልተከላከለም። ለመሣቅ ያህል የተነገረ መሆኑንና ቃሉ በጥቁሮች ሙዚቃ ውስጥም የሚሰማ መሆኑን አነሣ። የዚህ መልስ ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ አይደለም። እናት ወንድ ልጇን «አንቺ» ብላ ስትጠራው ፍቅር ነው፤ አለቃ ሠራተኛውን በሰው ፊት «አንቺ» ሲለው ስድብ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የተናጋሪውና የአድማጩ ግንኙነት ግን አንድ አይደለም። ሚሊዮኖች በሚሰሙት ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ በማናቸውም መመዘኛ በእናት ቦታ አይደለም።

«ሙገሳ ነበር» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ አዲስ የተመረጡትን ባራክ ኦባማን ወጣት፣ መልከ መልካምና በፀሐይ የጠየሙ ብለው ገለጹ፤ ሲነቀፉም ደግ ቃል መናገራቸው እንደ ነበር አስረዱ። ሦስቱም ቃላት በእማሬያቸው አይነቀፉም። ነገር ግን የአንድን ጥቁር ሰው መልክ ነጭ ሰው በመዝናኛ ባሕር ዳር ከሚያገኘው ቀለም ጋር ማስተካከል ነጩን መነሻ፣ ጥቁሩን ቅብ ማድረግ ነው። ስሕተቱ ያለው በፍካሬው ነው።

ለ. በሩዋንዳ የተሰማው ቃል

ከዚህ በላይ ያየነው ክብርን የነካ ነው፤ ቀጥሎ የምናየው ሕይወትን ያጠፋ ነው። ሬዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ዴ ሚል ኮሊን የተባለው የሩዋንዳ ጣቢያ ሥርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 ነበር። በሙዚቃና በቀልድ የታጀበው፣ የመንደር ጨዋታ የመሰለው አቀራረቡ ብዙ አድማጭ አስገኝቶለታል። አዘውትሮ ይናገራቸው ከነበሩት ቃላት አንዱ «ኢንየንዚ» ሲሆን ፍቺው በኪንያርዋንዳ በረሮ ማለት ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ከስደት እየተነሡ ድንበር አቋርጠው ለሚዋጉ የቱትሲ ሸማቂዎች የተሰጠ መጠሪያ ነበር። በ1994 በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ጊዜ ግን መሣሪያ ያልያዘው ገበሬ፣ እናትና ሕፃን ሁሉ ቱትሲ በመሆናቸው ብቻ በዚሁ ስም ተጠሩ።

እዚህ ላይ ለሙያችን ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ተፈጸመ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት እ.ኤ.አ. በ1998 የታባ ከንቲባ በነበረው በዣን ፖል አካየሱ ላይ ፍርድ ሲሰጥ አንድ የሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ፕሮፌሰር ስለነዚህ ቃላት በባለሙያነት የሰጡትን ምስክርነት መሠረት አድርጎ ነበር። ችሎቱ የቃላቱ ትርጉም በተነገሩበት ጊዜና ቦታ ዐውድ ውስጥ መመርመር እንዳለበት ተቀበለ። እንግዲህ የቃላት ሊቅ ፍርድ ቤት ተጠርቶ የሰጠው ምስክርነት «ቃሉ በረሮ ማለት ነው» የሚል ብቻ አልነበረም፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን አለው የሚለውንም አስረድቷል።

ያው ችሎት እ.ኤ.አ. በ2003 የጣቢያው መሥራች በነበሩት በታሪክ ምሁሩ በፌርዲናንድ ናሂማናና በዣን ቦስኮ ባራያግዊዛ እንዲሁም «ካንጉራ» የተባለው ጋዜጣ ባለቤት በነበረው በሐሰን ንጌዜ ላይ ፈረደ። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ከፊሉን ጥፋተኝነት ሽሮ ቅጣቱን ቀነሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለው። የቱትሲ ሴት የጠላት መሣሪያ የሆነች አታላይና አማላይ ተደርጋ በተደጋጋሚ መሣሏ በሴቶቹ ላይ ለደረሰው የወሲብ ጥቃት መንገድ የጠረገ መሆኑን ችሎቱ አመልክቷል። የዘርና የጾታ ዘለፋ እዚህም የተገኙት ተጣምረው ነው።

ከሩዋንዳ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። በእነዚያ ወራት «ጉኮራ» የሚለው ግስ፣ ማለትም «መሥራት»፣ መግደል ማለት ሆኖ ይሰማ ነበር። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ቃል በየትኛው ቋንቋ ይገኛል? የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ በየጣቢያው መለጠፍ በቂ የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ «መሥራት» የሚለውን ቃል ማንም ሊከለክል አይችልምና።

ሐ. በእኛው ቋንቋ፤ ዘር

የሌላውን አገር ነውር በመዘርዘር የራስን መሸፈን ተገቢ አይደለም። አማርኛ በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አለው፤ ነገሩን ለማረም የተደረገው ሙከራም እንዲሁ ረጅም ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ጸሐፊውና ገበሬው በምን በምን ስም እንደሚሰደቡ ስለሚዘረዝር ለቃላት ተመራማሪ የዘለፋ መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። ከእነዚህ ቃላት አንዱ «ጠይብ» ነው። ይህን ቃል ከግዕዙ «ጠቢብ» ጋር የሚያዛምዱት አሉ። እንዲህ ከሆነ ብረት ቀጥቃጩ የተሰደበው ጥበበኛ ተብሎ ነው ማለት ነው። ሥርወ ቃል መከላከያ ቢሆን ኖሮ ዐዋጁ ባላስፈለገም ነበር።

«ባሪያ» እና «ጨዋ» የሚሉትን ጥንድ ቃላትም እንመልከት። «ጨዋ» ባሪያ ያልሆነ፣ ነጻ ሰው ማለት ነበር፤ ዛሬ ሥርዓት ያለው፣ ትሑት ማለት ሆኗል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ሕጋዊ ህልውናውን አጥቷል፤ ሆኖም ቋንቋው የጌታውን ማዕርግ ወደ መልካም ጠባይ ለውጦ አቆየው፤ «ባሪያ» የሚለውን ግን ለጥቁር ገጽና ለተወሰኑ ሕዝቦች ዘለፋ አድርጎ ተወው። «ሻንቅላ» የሚለውም በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ ራሳቸውን ጉሙዝ፣ በርታ ወይም በሌላ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን በመልካቸው ጥቁረት አንድ ላይ የጨፈለቀ የውጭ ሰው ስም ነው። በሌላ በኩል ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን «ኦሮሞ» የሚለውን ባለቤቶቹ የሚጠሩበትን ስም በቀደመው የውጭ ሰው ስም ፈንታ መጠቀማቸው ሬዲዮ የቃልን ዕድል ለበጎም ሊለውጥ እንደሚችል ያሳየናል።

«ፈላሻ» የሚለው ስም «ፈለሰ» ከሚለው ግስ ጋር ይያያዛል። «ስደተኛ ማለት ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ባለቤቶቹ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ ቃሉንም በአገሩ ባዳ መባል አድርገው ስለሚሰሙት ይጠየፉታል። ወደ እስራኤል የሄዱት ደግሞ በዚያ ሌላ ቃል ጠበቃቸው። «ኩሺ» በመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ የኩሽን አገር ሰው የሚያመለክት ሲሆን በዛሬው ዕብራይስጥ የጥቁር ሰው መዝለፊያ ነው። ያው ማኅበረሰብ በአንድ አገር በሥርወ ቃል፣ በሌላ አገር በመጽሐፍ ቅዱስ እየተጠቀሰ «አልተሰደብክም» ሲባል ኖሯል።

በዘመናችን ጆሮ ላይ የቀሩትንም ሳናነሣ አናልፍም። «ፀጉረ ልውጥ» በፍቺው ፀጉሩ የተለወጠ፣ እንግዳ ሰው ማለት ነው። በሁከትና በጦርነት ጊዜ በሚነገሩ የጸጥታ ማሳሰቢያዎች ግን ጎረቤት በጎረቤቱ መልክ፣ ቅላጼና ስም ላይ እንዲጠራጠር የሚያዝ ቃል ሆኗል። ዜና አንባቢው ማንንም በዘር አልጠራም፤ አድማጩ ግን ማን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. በአደባባይ ንግግር ተሰምቶ በመገናኛ ብዙኃን የተሠራጨው «የቀን ጅብ» የሚለው ሐረግም እንደዚሁ ነው። ለጥፋተኛ ባለሥልጣኖች የተነገረ ነው ተባለ፤ ብዙ አድማጭ ግን የሕዝብ ስም አድርጎ ወሰደው፤ ከዚያም በዚያው ፍቺ ተጠቀመበት። ሰውን በአውሬና በተባይ ስም መጥራት ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ከሩዋንዳ የራቀ ምሳሌ አያሻንም።

መ. በእኛው ቋንቋ፤ ጾታ

በጾታ በኩል ያለው ዘለፋ ከቃላት ዐልፎ በሰዋስው ውስጥ ስለሚገኝ ለመለየት ያዳግታል። በቃላቱ እንጀምር። «ገረድ» በቀድሞ ፍቺው ልጅ እግር ሴት ማለት እንደ ነበር «ልጃገረድ» የሚለው ቃል ይመሰክራል። ዛሬ ለብቻው ሲነገር የቤት ሠራተኛን ማዋረጃ ነው። የወንዱ አቻ «ብላቴና» ግን በቤተ መንግሥት አገልግሎት አድጎ «ብላታ» እና «ብላቴን ጌታ» የሚሉትን ማዕርጎች አስገኘ። ሁለቱም ቃላት የተነሡት ከልጅነትና ከአገልግሎት ነው፤ አንዱ ወደ ሹመት ሲወጣ አንዱ ወደ ስድብ ወረደ። «ጋለሞታ» የሚለውም በቀድሞው አነጋገር ባል የሌላትን፣ ፈት የሆነችን ሴት ጭምር ያመለክት ነበር።

ተረትና ምሳሌያችን ደግሞ ለሕዝብ ተናጋሪ የተዘጋጀ ጎተራ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እና «ሴትና አህያ በዱላ» የሚሉት በስብሰባና በውይይት ፕሮግራም እንደ ጥበብ ሲጠቀሱ ሰምተናል። ተናጋሪው «አባቶች ያሉት ነው» በማለት ኀላፊነቱን ለሙታን ያስተላልፋል። ይህም «ሥርወ ቃሉ ክፉ አይደለም» ከሚለው ጋር አንድ ዐይነት ዘዴ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ጥፋተኛው ያለፈው ዘመን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን በአነጋገር ደረጃ ላይ ማተኮር ይገባል። አማርኛ ሁለተኛውን መደብ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» እያለ የሚለይ ቋንቋ ነው። በአንድ ውይይት ላይ ለተቀመጡት ወንድ ምሁር «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ፣ በዕድሜና በማዕርግ ለሚስተካከሏቸው ሴት ምሁር «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚል ጠያቂ አንድም ስድብ አልተናገረም፤ ነገር ግን በአንዲት ተውላጠ ስም ሴትዮዋን ከአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጓቸዋል። «አቶ» የወንዱን ትዳር ሳይጠይቅ ሲያልፍ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሴቷን ትዳር ሳይናገሩ አያልፉም። ወንድን «አንቺ» ወይም «እሷ» ብሎ መጥራት ዘለፋ መሆኑ፣ ጎበዟን ሴት ደግሞ «ወንድ ናት» ብሎ ማመስገን ሙገሳ መሆኑ ስለ አንስታይ ጾታ ያለንን ግምት ያጋልጣል።

በዚህ ሰዋስው ራሱ ተወቃሽ አይደለም። «ፀሐይ»ን፣ «መኪና»ን፣ «አገር»ን በአንስታይ መጥራታችን ማንንም አይዘልፍም፤ ትንሽና የሚወደድ ነገርን በአንስታይ ማሳነሳችንም የቋንቋው ውበት ነው። የሚወቀሰው ይህን መሣሪያ ሰውን ለማሳነስ የሚያውለው ተናጋሪ ነው።

ሠ. ስለ ስያሜዎቹ

ዘለፋውን ለመንቀፍ የምንጠቀምባቸው ሙያዊ ቃላትም ገና አልጠሩም። «ዘር» በአማርኛ የእህል ዘር፣ የትውልድ ሐረግ፣ ብሔረሰብ፣ እንዲሁም በቆዳ ቀለም የሚከፈል የሰው ወገን ማለት ይሆናል። ስለዚህም «ዘረኝነት» የሚለው ቃል የአሜሪካውን ጥቁርና ነጭ፣ የአገራችንንም የብሔረሰብ ጥላቻ በአንድነት ይይዛል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩት አሉ። እኛ ግን ቃሉ ሰፊ መሆኑ የሚጠቅም ይመስለናል፤ «ዘረኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው» እንዳንል ያግደናልና።

ችግሩ ያለው በጾታው በኩል ነው። «የጾታ አድልዎ» የሚለው በሥራ፣ በደመወዝ፣ በውርስ የሚደረገውን ድርጊት ይገልጻል፤ ንግግርን ግን በሚገባ አይሸፍንም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለው ሰው ምን አዳላ? ስለዚህ ለንግግሩ «የጾታ ዘለፋ»፣ ከንግግሩ በስተጀርባ ላለው አመለካከት «ጾታዊ ንቀት»፣ ሁለቱ ሲጣመሩ «ዘርና ጾታን ያጣመረ ዘለፋ» የሚሉት እንዲሞከሩ ሐሳብ እናቀርባለን። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ዘርንም ጾታንም በአንድ ድንጋጌ ይጠቅሳል፤ ቃላትን ግን አይዘረዝርም። በዚህም ትክክል ነው። ሆኖም ዳኛው አንድ ቀን የቃል ፍቺ ሊጠይቅ ይችላልና መልሱ ከእኛ ዘንድ ተዘጋጅቶ መቈየት አለበት።

ረ. መዝገበ ቃላት ምን ያድርግ?

ቃልን በሥሩ እያሰለፉ መፍታት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የደስታ ተክለ ወልድ ትልቅ ውርስ ነው፤ ሁላችንም በዚህ ረገድ ደቀ መዛሙርታቸው ነን። ነገር ግን ከቀደሙት መዝገበ ቃላት አንዳንዶቹ የሕዝብን ስም ሲፈቱ ከተሰዳቢው ይልቅ ከሰዳቢው አፍ ሰምተዋል። ከኋላ የመጣነውም አስነዋሪውን ፍቺ አስወግደን ቃሉን ያለ ምንም ምልክት በማስቀመጥ ንጹሕ አስመሰልነው። የኋለኛው ስሕተት ከፊተኛው አይሻልም። ቃሉን ጨርሶ መሰረዝም መፍትሔ አይሆንም፤ የተሰረዘ ቃል ከአንደበት አይጠፋም፤ የሚጠፋው የዘለፋው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ወደፊት በሚዘጋጁት መዝገበ ቃላት ከፍቺው ጋር የሚከተሉት ምልክቶች እንዲገቡ እናሳስባለን፤

1ኛ/ «ዘለፋ»፤ ቃሉ በማናቸውም ዐውድ ሰውን በዘሩ ወይም በጾታው የሚያዋርድ ሲሆን፤
2ኛ/ «በባለቤቶቹ የተነቀፈ»፤ የሚጠሩበት ሰዎች ስሙን የማይቀበሉት ሲሆን፤ ከጎኑም የሚቀበሉት ስም ይጻፋል፤
3ኛ/ «በዐውድ ዘለፋ»፤ እንደ «ፀጉረ ልውጥ» ወይም ለወንድ እንደሚነገረው «አንቺ» በፍቺው ንጹሕ ሆኖ በአገልግሎቱ የሚዘልፍ ሲሆን፤
4ኛ/ «በቀድሞ ፍቺ»፤ የዛሬው ዘለፋ ትናንት ዘለፋ ያልነበረ ሲሆን።

ለአብነት ያህል አንድ ቃል እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፤

ፈላሻ፤ ስም። ሥርወ ቃል፦ ፈለሰ። ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሌሎች የሰጡት መጠሪያ። (በባለቤቶቹ የተነቀፈ።) ተመልከት፦ ቤተ እስራኤል።

ይህ የሚፈጀው አንድ መስመር ነው። ነገር ግን «መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ተመልከቱ» የሚለው ተናጋሪ መጽሐፉን ሲገልጠው የሚያገኘው ምስክር ከእንግዲህ ለእርሱ አይመሰክርለትም። ዜና አንባቢውና የፕሮግራም መሪውም ቃሉን ከማይክሮፎኑ ፊት ከማድረሳቸው በፊት የሚያማክሩት ነገር ያገኛሉ።

ሥርወ ቃልን የምንወድ ሰዎች ነን፤ የሙያችን ደስታም ከዚያ ነው። ስለሆነም ሥርወ ቃል ለተሳዳቢ ጋሻ ሆኖ ሲቀርብ ዝም ማለት አይገባንም። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ስንመዘግብ ማንን እንደ ጐዳም አብረን እንመዝግብ።